የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት፤ ስለ ጥምቀት፥ ስለ ጌታ እራትና ስለ ሞት

በቂርቆስና በካዛንቺስ የምትኖሩ፥ ወይም ለትምህርትና ለሥራ በዚያ የምትመላለሱ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ የሰፈራችሁን ስም ዕለት ዕለት ትጠራላችሁ፤ ስሙ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቂርቆስ የተባለው፥ በሕፃንነቱ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ስለ ክርስቶስ ስም እንደ ሞተ በሚነገርለት ሰማዕት ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን የተነሣ ነው። ካዛንቺስ ግን የሰማዕት ስም አይደለም። ኢጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 ከተማዪቱን በያዙበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ያሠራ የነበረው ድርጅት በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ስለ ነበረ፥ ካዜ ኢንቺስ፥ ይኸውም የኢንቺስ ቤቶች፥ ከማለት የወጣ ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንሰጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከ2024 ጀምሮ የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄዱ አየን። ቤቱ ፈረሰ፥ ስሙ ግን ቀረ።

ከአገራችን ክርስቲያኖችም ብዙዎቹ ሁለት ስም አላቸው፤ አንዱ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ነው፥ ሁለተኛው በተጠመቁ ቀን የተቀበሉት የክርስትና ስም ነው። ይህንም ሁለተኛውን ስም ከካህኑና ከክርስትና አባት በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ ይጠራል እንጂ በገበያና በመሥሪያ ቤት አይጠራም። እንግዲህ እስከ መቃብር ተሰውሮ የሚኖር ስም ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር፥ የጥምቀቱን ስም በአደባባይ ለብሶ ስድሳ ዓመት ያህል የኖረበትን ሰው ታሪክ ልንነግረው እንወዳለን።

ይህ ሰው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሑሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ አሉት፤ ትርጓሜውም በኦሮሞ ቋንቋ ተርጓሚ ማለት ነው። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ ከእናቱም ጋር ቀረ። በ1869፥ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፥ የባርያ ፈንጋዮች ሰርቀው ወሰዱት። ኋላ ራሱ ለሚስዮን ማኅበሩ ሹማምንት እንደ ጻፈው፥ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። ስምንት ጊዜ ዋጋ ተነገረለት፥ ስምንት ጊዜ ተመረመረ፥ ስምንት ጊዜ ገንዘብ ተቆጠረበት ማለት ነው። ባርያ የሆነ ሰው ስሙ እንኳ የራሱ አይደለም፤ የገዛው ሁሉ እንደ ወደደ ይጠራዋል። እንዲህ ከምዕራብ አገር እስከ ባሕር ዳርቻ ተነድቶ ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም በ1870 ስዊሳዊው ቬርነር ሙንሲንገር ነጻ አወጣውና በእምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ሰጠው።

እምኩሉ ለምጽዋ ቅርብ የሆነች፥ ሙቀቷ የበዛ መንደር ናት። የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ሰዎች ወደዚያች አገር የመጡት በ1866 ነበረ፤ አሳባቸውም በኤርትራ ምድር ለመቅረት ሳይሆን ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመሻገር ነበረ። መንገዱ ሁሉ ተዘግቶባቸው ሳለ እነርሱ ሊሄዱበት ካሰቡት አገር የተሰረቀ ልጅ በደጃቸው ቆመ። ፈላጊዎቹ ወዳልደረሱበት ስፍራ የሚፈለገው ቀድሞ መጣላቸው። ልጁም ለትምህርት የተጋ ሆነ፤ ሁለት ዓመት ያህልም ከተማረ በኋላ እምነቱን መስክሮ በትንሣኤ በዓል፥ እሑድ መጋቢት 31 ቀን 1872 ተጠመቀ። አናሲሞስ ተብሎም ተጠራ።

ይህ ስም እንዲያው የተገኘ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስራት ሳለ ከጌታው ከፊልሞና የኮበለለ አናሲሞስ የሚባል ባርያ ወደ እርሱ መጥቶ አመነ፤ ሐዋርያውም ለጌታው ደብዳቤ ጽፎ፥ ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባርያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነለት፤ ጉዳት ቢኖርበትም እኔ እከፍላለሁ ብሎ በእጁ ጻፈ። የስሙም ትርጓሜ በግሪክ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው፤ ጳውሎስም በዚህ ስም ጥቂት ይጫወትበታል፥ ቀድሞ ያልጠቀመው አሁን ለሁለታቸው እንደሚጠቅም ያመለክታልና። እንግዲህ ስምንት ጊዜ የተሸጠው ልጅ በዘጠነኛው ጊዜ ስሙን ያገኘው ከሚገዛው ሰው አይደለም፤ ዕዳውን ሌላ ከከፈለለት ባርያ ወረሰው።

በከተማችን ስለ ጥምቀት ብዙ ክርክር እንሰማለን። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቁ የሚሉ አሉ፤ አምኖ በአፉ ያልመሰከረ አይጠመቅ የሚሉም አሉ። ሁለንተናው በውሃ ይጥለቅ የሚል አለ፤ በራሱ ላይ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል የሚልም አለ። በሕፃንነቱ የተጠመቀውን ሰው ዳግመኛ የሚያጠምቁ ማኅበሮች አሉ፤ አንዲት ጥምቀት ትበቃለች ብለው የማያጠምቁም አሉ። ይህ ክርክር ከንቱ ነው አልልም፤ ሊቃውንት ከመጽሐፍ ተነሥተው ይመርምሩት። ነገር ግን ክርክሩን የሚያበዛ ሰው ብዙ ጊዜ ጥምቀቱን እንደ ተከፈለ ግብር ሲቈጥረው አይቻለሁ፤ ደረሰኙን በሣጥን አኑሮ፥ ሰብሳቢው ሲመጣ ከፍያለሁ ብሎ ሊያሳይ ብቻ ይጠብቃል። የሮሜ መልእክት ግን የሚጠመቅ ሰው ከክርስቶስ ጋር ሞቶ እንደሚቀበርና ለአዲስ ኑሮ እንደሚነሣ ያስተምራል። ማርቲን ሉተርም በትንሹ ካቴኪዝም በዚሁ ላይ ተመሥርቶ፥ አሮጌው ሰው በየዕለቱ በንስሐ ሊሞት፥ አዲሱም በየዕለቱ ሊነሣ እንደሚገባው አስተምሯል። ይህን ካቴኪዝም ኋላ ወደ ኦሮሞ ቋንቋ የመለሰው ራሱ አናሲሞስ ነው። ለእርሱ ጥምቀት ተከፍሎ ያለቀ ግብር አልነበረም፤ ገና የሚከፍለው ዕዳ ሆነበት። እርሱ ነጻ ወጣ፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ገመድ የተነዱት ግን ነጻ አልወጡም፤ እናቱም በዚያው ቀርታለች፤ ሕዝቡም የወንጌልን ቃል በገዛ ቋንቋው አልሰማም።

በ1876 ወደ ስዊድን አገር ተላከ፤ በብሮማ በዮሐንሰሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ተመለሰ። ሲመለስም በምጽዋ ምሕረት ኃይሉን አገባ፤ ወዲያውም ወደ ወለጋ ለመሄድ ከተነሡት ጋር ተነሣ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ አራተኛ የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ከግዛታቸው ከልክለው ስለ ነበረ መንገደኞቹ በሱዳን በኩል ዞሩ። እስከ አሶሳ ወሰን አካባቢ ደርሰው ከዚያ ማለፍ አልቻሉም። በመመለሻው መንገድ አናሲሞስ በንዳድ ታመመ፤ ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲደርሱም የማህዲ ዐመፅ በሱዳን ተነሥቶ ነበረ። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በ1880ዎቹ አጋማሽ በታጁራ በኩል ሸዋ ገባ፤ ምኒልክ ግን በዚያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ ስለ ነበሩና የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ስለ ከለከላቸው ሊያሳልፉት አልቻሉም፤ ተመልሶ እምኩሉ ገባ።

ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው በአገራችን ልማድ አልተፈቀደለትም ይባላል፤ ብዙም ሰው በዚያ ያቆማል። አናሲሞስም እግሩ ወደማይደርስበት አገር መጽሐፍ ሊደርስ ይችላል ብሎ ወደ ትርጉም ሥራ ዞረ። በ1887 የመዝሙር መጽሐፍ በኦሮሞ ቋንቋ አወጣ፤ ቀጥሎም አዲስ ኪዳንን ያዘ። ወላጆቹ ያወጡለት ሂካ የሚለው ስምና በጥምቀት ያገኘው አናሲሞስ የሚለው ስም በአንድ ሥራ ተገናኙ፤ ተርጓሚ ሆነ፥ የሚጠቅምም ሆነ።

ዘመኑን ልብ በሉ። ከ1888 እስከ 1892 በአገራችን የወረደው መዓት እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እየተባለ ይነገራል። የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ ከከብቱ የሚበዛውን ፈጀ፤ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጣ፤ ዝናብም ጐደለ፥ አንበጣም መጣ፥ ከረኃቡ ጋር ደዌ ተጨመረ። የተራበው ሕዝብ ከደጋ ወደ ባሕር ዳርቻ እየወረደ በምጽዋ ዙሪያ በብዛት አለቀ። አናሲሞስ ብዕሩን ይዞ የተቀመጠባት እምኩሉ ከዚህ ስፍራ የራቀች አልነበረችም። እንዲህ ያለ መዓት ሲመጣ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ ማለት በአገራችን የቈየ ልማድ ነው፤ ቃሉንም የሚናገሩት ሁሉ ሞኞች አይደሉም፥ የዓለም ፍጻሜ እንደሚመጣ ጌታ ራሱ አስተምሯልና። ነገር ግን ፍጻሜ ደረሰ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን ይፈታል፤ ዘሩን አይዘራም፥ ልጁን አያስተምርም፥ ዕዳውን አይከፍልም። እርሱ ግን በዚያ ሁሉ ሞት መካከል ወንጌላትን፥ የሐዋርያትን መልእክታትና የዮሐንስን ራእይ እየተረጐመ በ1893 አዲስ ኪዳኑ በእምኩሉ ታተመ። ስለ አዲስ ሰማይና ስለ አዲስ ምድር የሚናገረውን መጽሐፍ ምድሪቱ የሬሳ አገር በሆነችበት ወራት ለማያውቀው ለነገ አንባቢ አዘጋጀ።

በእኛም ዘመን እንዲሁ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ፥ በዚያው ዓመትም በሰሜን ጦርነት ሲነሣ፥ የፍጻሜውን ወርና ቀን እየቈጠሩ በየስልኩ የሚያስተላልፉ ብዙዎች ነበሩ። አንዳንዱ ተማሪ በዚህ ነገር ደንግጦ ፈተናውን ተወ፤ አንዳንዱ ሸጦ ሊበላ ጀመረ። ጌታችን ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ተናግሮ ሳለ፥ እኛ ከመላእክት ይልቅ ልናውቅ መሞከራችን የእምነት ብዛት አይመስለኝም። ጌታው ሲመጣ በሥራው ላይ የሚያገኘው ባርያ የተመሰገነ እንደሆነ ግን በግልጥ ተነግሮናል።

ስለ ትርጉሙ ሥራ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አናሲሞስ በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ተወሰደ የእናቱ ቋንቋ ጐድሎበት ነበረ። ግሪኩንና ስዊድንኛውን ሲማር የኦሮሞ ሽማግሌ በጉባኤ የሚናገርበትን፥ እናት ልጇን የምታባብልበትን ቃል አላደገበትም። ይህን ጕድለቱን አልሸሸገም። አስቴር ጋኖ የምትባል፥ እርሷም በባርነት የነበረች ወጣት ሴት፥ በ1886 ኢጣልያኖች በባሕር ላይ ከባርያ ነጋዴዎች መርከብ አስጥለዋት እምኩሉ ገብታ ነበረ። ቋንቋውን ከነሙሉ ጣዕሙ ታውቃለች፤ ተረቱን፥ ምሳሌውን፥ እንቆቅልሹን ሁሉ በልቧ ይዛለች። እርሱም ስዊድን አገር ድረስ ሄዶ የተማረ መምህር ሳለ ከእርሷ ሊማር ተቀመጠ። ከትርጉሙ ሥራ ታላቁ ክፍል የእርሷ እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። በ1894 ደግሞ ሁለቱ ተባብረው ተረትና ምሳሌ የተሰበሰበበትን የኦሮሞ ቋንቋ የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። ዲግሪ የያዘ ጐልማሳ ከቤቱ ሠራተኛ አንዲት ቃል ቢማር ክብሩ የሚቀነስ በሚመስለው ከተማ ይህ ነገር ቢነገር አይጐዳም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ወደ ፊልሞና መልእክት ሲደርሱ ምን ዓይነት ቀን እንደ ነበረ አንባቢ በልቡ ያስበው። መልእክቱ 25 ቍጥር ብቻ ነው፤ በአንድ ጧት ይነበባል። ነገር ግን ባርያውን ወንድም ብለህ ተቀበል የሚለውን ልመና ወደ ቋንቋቸው የሚመልሱት የተሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከተርጓሚዎቹም የአንዱ ስም በደብዳቤው ውስጥ ተጽፏል። ጌቶች ይህን ደብዳቤ ለባሮች እንዳነበቡ በዓለም ታሪክ ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ ነጻ የወጡ ባሮች ራሳቸው ለሕዝባቸው ሲጽፉት ግን ሌላ ድምፅ አለው።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም በሙሉ በሰኔ 1897 ተፈጸመ። አናሲሞስም ፊደሉ ሲለቀምና ሲታተም ሊቈጣጠር በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ወዳለችው ወደ ቅድስት ክሪሾና ሄደ፤ በ1899ም በግእዝ ፊደል የተጻፈ የኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ከማተሚያ ወጣ።

በ1904፥ ተሰርቆ ከሄደ በ35 ዓመቱ፥ ወደ ወለጋ ገባ። ከእርሱ አስቀድሞ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከኤርትራ ተነሥቶ ቦጂ ደርሶ ወንጌልን ያስተምር ነበረ። አናሲሞስ በነቀምቴ ቤቱንና ትምህርት ቤቱን አቆመ፤ የአገሩም ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት። እርሳቸውም ኩምሳ ሞረዳ ተብለው ተወልደው በጥምቀት ስማቸው የተለወጠ ሰው ነበሩ። ሕዝቡም ሊሰማው መጣ፥ በሚያውቀው ቋንቋ የሚሰብክ ነበርና። ከዚህም የተነሣ ጠላት በዛበት። እመቤታችን ማርያምን ሰደበ ተብሎ ተከሰሰ፤ በግንቦት 1906ም ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ እንዲሰደድ ፈረዱበት። ነገሩ ይግባኝ ተብሎ በአዲስ አበባ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ነገር ግን እንዳይሰብክ ተከለከለ።

ዐሥር ዓመት ዝም አለ። ለአንድ ሰባኪ ከዚህ የሚከብድ ቅጣት ያለ አይመስለኝም። በአፉ ያለውን መጽሐፍ ራሱ ተርጕሞ ራሱ አሳትሞ፥ በመጨረሻ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ፥ አትናገር ተባለ። አልኮበለለም፥ ዐመፅም አላነሣም፤ ልጆችን ፊደል ሲያስቈጥር ኖረ። የተከለከለው መስበክ ነው እንጂ ማስተማር አይደለም፤ ማንበብ የተማረ ልጅም መጽሐፉን ራሱ ገልጦ ያነባል። ከሊቀ ጳጳሱ ወገን ስለ ነበሩት ሰዎች እዚህ ክፉ ልንናገር አንወድም፤ እነርሱም የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የሚጠብቁ መስሏቸው አድርገውታል። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ በደብዳቤ ሰጡት፤ እርሳቸው በዚያው ዓመት ከሥልጣን ሲወርዱ ደብዳቤው አልተሻረም፥ እርሱም እስኪሞት ድረስ ሰበከ።

አሁን ስለ ጌታ እራት ጥቂት እንናገር፤ የአናሲሞስ ታሪክ ከዚህ ጋር ይነካካልና። በአገራችን ሰው ሕፃን ሳለ ይቈርባል፥ ጐልማሳ ሲሆን ኃጢአቴ ብዙ ነው ብሎ ይርቃል፥ ሲያረጅ ደግሞ ይመለሳል፤ ለመብላት የሚያስፈልገው ጕልበት ሲኖረው ሳይሆን ሲያልቅበት ወደ ማዕዱ ይቀርባል። በወንጌላውያን ቤት ደግሞ ሌላ በሽታ አለ፤ እንጀራውና ጽዋው በየወሩ ሲዞር ሁሉ ይወስዳል፥ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላውም ይወስዳል፥ የሠራተኛዋን የሦስት ወር ደመወዝ የያዘውም ይወስዳል። የቆሮንቶስን ሰዎች ሐዋርያው የገሠጻቸው ስለ እንጀራው ዓይነት አልነበረም፤ ባለጠጋው ቀድሞ በልቶ ሲጠግብ ድኻው እየተራበ በአንድ ቤት መቀመጣቸውን ነው የነቀፈው። የጌታን ሥጋ አለመለየት ያለው ነገር ከዚህ ጋር ተያይዞ ተጽፏል፤ ይህን ስንሰብክ አብዝተን እንረሳዋለን።

አናሲሞስ በነቀምቴ ሳለ ባርነት በሕግ አልቀረም ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ይህ ነገር ጥያቄ ሆኖባት ነበረ፤ በ1924 ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ፤ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ነው። እንግዲህ በዚያች ከተማ ባርያ የያዘ ሰው የእግዚአብሔርን ቃል በቋንቋው ሊሰማ ሲወድ፥ ቃሉን የሚቀበለው ከተሸጡ ሰዎች እጅ ነበረ። ቃሉን ከባርያ እጅ ተቀብሎ ወደ ማዕዱ ሲቀርብ ባርያን በደጅ ማስቀረት እንዴት ይቻለዋል? ይህ ጥያቄ ከ1942 በኋላ የቀረ አይምሰላችሁ። በካዛንቺስም ሆነ በቂርቆስ፥ በአዲሱም ሰፈር፥ ከገጠር የመጣች ልጅ በወጥ ቤት ጥግ የተረፈውን እየበላች፥ እሑድ የቤቱ ጌታና እመቤት ከጌታ ማዕድ ሲመለሱ ጫማቸውን የምትጠርግበት ቤት አለ። ስሟን ለምቾታቸው የለወጡባትም አሉ። ወደ ማዕዱ ከመሄድህ በፊት ራስህን መርምር የሚለው ትእዛዝ ከወጥ ቤቱ ይጀምር።

የአናሲሞስ ቤትም ሞት ሳይጐበኘው አልቀረም። ምሕረትን በሞት አጣት፤ ኋላም ሊዲያ ዲምቦን አገባ። ልጁን ገመቺስ ብሎ ስለ ጠራው ሕዝቡ በአገሩ ልማድ አባ ገመቺስ አለው፤ ትርጓሜውም ደስ የሚያሰኝ አባት እንደ ማለት ነው። ሂካ፥ አናሲሞስ፥ አባ ገመቺስ፤ አንዱ ከእናቱ፥ አንዱ ከጥምቀቱ፥ አንዱ ከሕዝቡ የተሰጠው ነው፤ ጌቶቹ ያወጡለት ስም አልቀረለትም። እሑድ ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምቴ አረፈ። ዕድሜው 75 ያህል ነበረ።

ስለ ሞት በከተማችን የምናደርገውን ሳስብ እገረማለሁ። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፥ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፥ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም፤ ይህ መልካም ነው፥ ከማንም የተማርነው ሳይሆን የራሳችን ነው። ከካዛንቺስ የተነሡት ሰዎች ከቤታቸው ይልቅ ከዕድራቸው መለየት የከበዳቸው ስለዚህ ነው፤ ማን ይቀብረኛል የሚል አሮጊት ቃል ቀላል ቃል አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ለሬሳው ሣጥንና ለተዝካሩ ድግስ እንበደራለን፥ ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ግን አንድ ቀን ልንጠይቀው አልሄድንም። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ አታልቅሱ አላለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ብሎ ነው የመከረው። ተስፋውም ነፍስ አንድ ስፍራ ታርፋለች ማለት ብቻ አይደለም፤ ጌታ ሲመጣ የሞቱት ይነሣሉ፥ በሕይወት የቀሩትም ከእነርሱ ጋር ይሰበሰባሉ ማለት ነው። በጥምቀት የተጀመረው መቀበርና መነሣት በዚያን ቀን ይፈጸማል። ስለዚህ ጥምቀቱን የኖረበት ሰው ሞቱን እንደ እንግዳ ነገር አይቀበለውም፥ ጥቂት ጥቂት ሲለማመደው ኖሯልና።

አናሲሞስ ሲሞት ያየው ነገር ጥቂት ነበረ። ባርነት በሕግ ሲሻር አላየም፤ በነቀምቴ የዘራውም ገና ትንሽ ማኅበር ነበረ። ከሞተ በአምስት ዓመቱ ኢጣልያኖች አገሩን ያዙ፥ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሚስዮናውያንም ወጡ፤ ምእመናኑ በራሳቸው ሰዎች እየተመሩ ጸኑ። በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች፤ ወለጋም ከሥሮቿ አንዱ ነው። በነቀምቴ ባለው መቃብሩ ላይ ነቢዩ ኤርምያስ ምድርን የእግዚአብሔርን ቃል እንድትሰማ የጠራበት ቃል ተጽፏል። አስቴር ጋኖ ከእርሱ በኋላ 33 ዓመት ኖራ በ1964 አረፈች፤ መጽሐፉን ያነበበ ልጅ ሁሉ ግን የአናሲሞስን ስም እንጂ የእርሷን ስም በሽፋኑ ላይ አላገኘም።